ኮሮላዬ ቪዛ ሲያስፈልጋት

ኢትዮጵያዊ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ፓስፖርቱን ይዞ ሞያሌ ይደርሳል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ይሻገራል። ለኮሮላዬ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ከመነሳታችን በፊት የተሯሯጥኩት ሁሉ ለእሷ ነው። ሊብሬው በእኔ ስም መሆን አለበት፣ ቦሎዋ ያላለፈበት መሆን አለበት፣ ከጉምሩክ ጊዜያዊ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ተመልሳ ለመምጣቷም ዋስትና ይያዛል። በዚያ ላይ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አለ። እዚህ የገባነው የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበር ወዲያ ስለማያገለግል፣ እዚያ ሰው ወይም ንብረት ብንጎዳ የሚከፍልልን ቢጫ ካርዱ ነው። ወረቀቱ በወረቀት ላይ ሲደራረብ ባለቤቴ «ለእኛ እንኳን እንዲህ ዋስ የጠራልን የለም» አለች።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። መኪና በሁለቱም አገር ቀረጥ የሚበላ ዕቃ ነው። ኬንያ በሽርሽር ስም የገባ መኪና ቀረጥ ሳይከፈልበት እዚያው እንዳይቀር ትሰጋለች፤ የእኛው ወገን ደግሞ የሚመለሰው የወጣው መኪና ራሱ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ሰው ቢቀር ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ መኪና ስትቀር ግን የሚቆጨው መንግሥት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሀዋሳ ያለውን ሁሉም ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ መንገዱ በቡናና በእንሰት መካከል ሲጠማዘዝ ይቆያል፤ ሀገረ ማርያምን ካለፉ በኋላ ምድሩ ዝቅ እያለ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ግራሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ኩይሳው ይጀምራል። የቦረና ኩይሳ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ አለው፣ አናቱም እንደ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ያቤሎ ባደርንበት ሆቴል ናይሮቢ ሲመላለሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር አገኘን። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ በግራ መንዳቱን በአንድ ሰዓት ትለምደዋለህ። የሚያስቸግርህ መቅደም ነው። የአንተ መሪ በግራ ነው፤ እዚያም የምትይዘው ግራውን ነው። ከፊትህ ትልቅ መኪና ካለ የሚታይህ የእሱ ጀርባና የመንገዱ ዳር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ከጎንህ ማን ነው የሚቀመጠው?»

ወደ ባለቤቴ ጠቆምኩ። «እንግዲያው ሾፌሯ እሷ ናት» አሉ።

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። በመካከላቸው ያለው የጋራ የድንበር ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመረቀ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወደ ኬንያ የሚገባ በኬንያ ግቢ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ በኢትዮጵያ ግቢ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል፤ የሁለቱም አገር ሠራተኞች እዚያው ጎን ለጎን ሆነው ይጨርሱለታል። የእኛ ጉዳይ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳን አልቆየም።

ከዚያ የኮሮላዬ ተራ ሆነ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ኮፈኗን አስከፈተና አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። የሻንሲው ቁጥር በቅባትና በአቧራ ተሸፍኗል። በጨርቅ ጠረገው፣ አልጠራም። ጨርቁን ቤንዚን አስነክቶ እንደገና አሸው፣ ስልኩን አብርቶ ጎንበስ አለና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። ባልደረባው ሊብሬውን ይዞ በእስክሪብቶ ይከተለዋል። አንዷ አኃዝ ላይ ሦስት ናት ስምንት ናት ተባባሉ። እንደገና ታሸች። ስምንት ሆነች፤ ሊብሬውም ስምንት ይላል። የእኔን ፓስፖርት ያየው ሰው ፊቴን እንኳን ቀና ብሎ በደንብ አላየኝም ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪካችንም ኬንያ ይገባል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሞተር ቁጥር የሚጠይቀው የለም።

ከጣቢያው ስንወጣ ግራውን ያዝን። አባቴ ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ ኢትዮጵያም ራሷ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስትነዳ ነው የቆየችው፣ ለውጡንም ያስታውሳሉ።

ድንበሩን ማለፋችን ለመኪናው እንጂ ለጆሯችን አልታወቀም። ሶሎሎ መገንጠያ ላይ ሻይ ያቀረቡልን እናት ከባለቤቴ ጋር በአፋን ኦሮሞ ተጨዋወቱ፣ በአፋን ኦሮሞ ተከራከሩ፣ ሒሳቡን ብቻ በሽልንግ ተቀበሉ። ቦረና ወዲህም ወዲያም ቦረና ነው።

ከቱርቢ በኋላ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ሜዳ ይመጣል። ዓይን እስከሚያየው ድረስ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋታል። አስፋልቱ ግን ምንም አይወጣለትም። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ድንጋዩ ጎማ ይጨርስ እንደነበር ሾፌሩ አጫውተውን ነበር። የመቅደሙ ፈተናም የመጣው እዚህ ነው። ከፊታችን ፍየል የጫነ መኪና እየተንከላወሰ ይሄዳል። እኔ የሚታየኝ ፍየሎቹ ናቸው። ባለቤቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ቆይ» ትላለች፣ «ቆይ»፣ «ምናልባት አሁን»። ያን ጊዜ ደንብ አወጣን። ሦስት ቃላት ብቻ፦ ቆይ፣ ውጣ፣ ተመለስ። «ምናልባት» ከመኪናዋ ተባረረ። ማርሳቢት ስንደርስ ባለቤቴ ድምጿ ጎርነን፣ አነጋገሯም የትራፊክ ፖሊስ አነጋገር ሆኖ ነበር።

ማርሳቢት በዚያ ሁሉ በረሃ መካከል በደን የተሸፈነ ተራራ ነው፤ ጠዋት ጉም ይውጠዋል። አህመድ የተባለው ዝነኛ ዝሆን የኖረው እዚህ ነው። ጥርሱ እጅግ ትልቅ ስለነበር አዳኞች እንዳይነኩት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በአዋጅ አስጠብቀውታል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በእርጅና ሞተ። ልጆቼ ዝሆን ለማየት ቋምጠው ነበር፤ ያዩት ግን የዝሆን ፋንድያ ነው፤ እሱንም በደስታ ፎቶ አነሱት።

ከኢሲዮሎ በኋላ ዳገቱን ወጥተን ናንዩኪ ገባን። የምድር ወገብ ምልክቱ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ሰዎች ቀዳዳ ባለው ሳህን ውሃ ይዘው ከመስመሩ በሰሜን በአንድ በኩል፣ በደቡብ በሌላ በኩል ሲሽከረከር ያሳያሉ። የምድር ሽክርክሪት እንዲህ ባለች ሳህን ላይ ኃይል የለውም፤ ብልሃቱ የሚያፈስሰው ሰው እጅ ላይ ነው። ቢሆንም ሽልንጉ ይገባቸዋል፣ በደንብ ነው የሚጫወቱት። የወደድኩት የሰዓታቸውን ነገር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከንጋት ይቆጥራሉ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ብሎ የቀጠረን አስጎብኚ በእኛውም አንድ ሰዓት ላይ ተገኘ።

ስንመለስ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ግቢ ኮፈኗ እንደገና ተከፈተ። ያቺ ስምንት ጠርታ ስለነበር ብዙ አልቆየንም። የመመለሻ ማረጋገጫውን ተቀበልኩ፤ ዋስትናው የሚለቀቀው በዚያ ወረቀት ስለሆነ ከፓስፖርቶቹ ይልቅ አጥብቄ ያዝኩት። ከግቢው ስንወጣ መሪውን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ሜጋ ሳንደርስ ከፊታችን አንድ የከብት መኪና አገኘን፤ «ቆይ» ልላት ስል እሷ ማንንም ሳትጠይቅ ቀድማዋለች።