ዕዳው የአከራዩ፣ ጥሙ የተከራዩ

በድህነት ጥናት ውስጥ አንድ ነገር ለውጥ ማምጣቱን ለማወቅ ዕጣ እያወጡ ለአንዱ መስጠትና ሌላውን መንሳት ግፍ ነው የሚለው ክስ ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል።

ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ ያካሄዱትን ጥናት እንይ። አምስት ድርጅቶች ከነበራቸው ክፍት ቦታ ይልቅ አመልካቹ በዛ። 1000 ከሚጠጉት አመልካቾች ዕጣ የወጣላቸው ተቀጠሩ፤ ሌሎች በዕጣ 300 ዶላርና የአምስት ቀን ሥልጠና አገኙ፤ የቀሩት ምንም። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የጠበቀ ሰው ይህ አይገርመውም፦ ቦታው ድሮም ለሁሉም አይበቃም። የሚገርመው ከዓመት በኋላ ከባድ የጤና ችግር የበረታው ሥራ የደረሳቸው ላይ መሆኑ ነው። የተጎዳው ባለዕድሉ ነው።

በናይሮቢው የድሆች ሰፈር በካዮሌ ሶዌቶ የተካሄደው ጥናት ግን ሌላ ነው። የውኃ ክፍያ ውዝፍ ካለባቸው ግቢዎች መካከል ውኃ የሚቆረጥባቸው በዕጣ ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጥናቱ ጽሑፍ ሲወጣ ቁጣው ከባድ ነበር፣ ተገቢም ነበር። ውሉን የፈረመው አከራዩ ነው፤ ባልዲ ይዞ የሚንከራተተው ተከራዩ። የአጥኚዎቹ መከላከያ የውኃ ድርጅቱ በውሉ መሠረት ያለ ጥናቱም መቁረጥ ይችላል የሚል ነበር። ይችላል። ነገር ግን ሰው ለሥራ እንጂ ውኃ እንዲቆረጥበት አይሻማም፤ ስለዚህ «ለሁሉም አይበቃም» የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም።

የፈቃድ ፎርሙም ብዙ አያድንም። መረጃ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ የሚያነበው በአብዛኛው ለቃለ መጠይቁ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው፤ ዕጣው ስለሚያመጣው ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት የሚያቅድ ሰው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ በስም ዝርዝሩ ላይ የሌሉትን ጭምር፣ ነገሩ የሚነካቸውን ሁሉ ይጻፍ። ተከራይ ካለ ቆራጩ ከመምጣቱ በፊት በአቅራቢያው የሚሠራ ቦኖ መኖሩን በአካል ያረጋግጥ። ምን ያህል ጉዳት ሲታይ ሙከራው እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያስቆመውም አስቀድሞ ይወስን። በመድኃኒት ሙከራ መሃል ላይ መረጃውን የሚያይ ገለልተኛ ቦርድ የተለመደ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ግን ብርቅ ነው፣ ጉዳቱም የሚታወቀው በመጨረሻው ዙር መጠይቅ ነው።

ተራ በተራ ማዳረስ ሲቻል ይሻላል። በኬንያዋ ቡሲያ የሆድ ትላትል መድኃኒት ለ75 ትምህርት ቤቶች በሦስት ምድብ ነው የተሰጠው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1998፣ የመጨረሻው በ2001 ጀመረ። ችግሩ የገንዘቡ ነው፦ የመጨረሻው ምድብ በጀት ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ካልተያዘ፣ ለጋሹ ውጤቱን አይቶ ሲሄድ «ተራችሁ ይደርሳል» የተባሉት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።