ታክሲ ውስጥ እንዳይተኛ

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ በደንብ አይሰሙም። ሰውነቱም ልል ነው፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ የቻለው በዓመት ከሦስት ወሩ ነው። የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ድሬዳዋ ወይ ሐረር ውስጥ ነገ ጠዋት ሕፃን ታቅፋ "ለጆሮ ምርመራ አዲስ አበባ ሂጂ" የምትባል እናት ትኖራለች። ለእሷ ነው።

መጀመሪያው አጭር ነው። ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑም ቆዳውም ቢጫ ሆነ። መብራት ሥር አስተኙት፤ ሲሻለው ወጣን። ቢጫው በጣም ከበረታ ጆሮንም የሰውነት እንቅስቃሴንም ሊጎዳ እንደሚችል የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ስንወጣ አንድ ሰው "የዚህን ልጅ ጆሮ ቶሎ አስመርምሪ" ቢለኝ ኖሮ... እሱን ተዪው።

በአምስት ወሩ ጠረጠርኩ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው። በራችን ላይ ባጃጅ ሲንጫጫ ይውላል፤ እሱ ለጥ ብሎ ይተኛል። ጎረቤቶች "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ይሉኛል። አንድ ቀን ሁለት የድስት ክዳን ይዤ ከጀርባው አጋጨሁ። ዞረ። እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።

ያ የድስት ክዳን አራት ወር በላብኝ። ሕፃን ምንም ሳይሰማም ይዞራል። ጥላሽን ያያል፣ የክዳኑ ነፋስ አንገቱን ይነካዋል። የብረት በራችን ሲዘጋ ይደነግጥ የነበረውም ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስወስደው ነርሷ "ድምፅ ይሰማል?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ፣ በደንብ!" አልኳት። በጤና ባለሙያዎች ብዙ የማማርረው አለኝ፤ ያቺ ልጅ ግን የለችበትም። እሷ ጠይቃለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ዙሪያዬም ያለው ሰው አግዞኛል። "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ያላለኝ የለም። አማቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ስለቱን አልነቅፍም፤ ታኅሣሥ 19 እኔም አብሬያት ወጥቻለሁ። ግን መልአኩ "ቀጠሮ አታስይዙ" ያለ አይመስለኝም።

በአሥር ወሩ ከአንገት በላይ ሐኪም አየው። በመብራት አይቶ "ጆሮው ንጹሕ ነው" አለ። ደስ አለኝ፤ ንጹሕ ጆሮ ሁሉ የሚሰማ መስሎኝ። ከዚያ ሪፈር ጻፈልን። ልክ ነበር፣ አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጉድ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ መጣን። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ተኝቶ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ካርድ ክፍል ቆምኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ አየና "ክብ ማህተም የለውም" አለ።

"ይኸው ማህተም!"

"ይሄ የክፍሉ ነው። የሆስፒታሉ የለም።"

"አቦ አንተ ደግሞ! ከድሬ እኮ ነው የመጣሁት!"

ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ። እኛ ዘንድ አንቱታ ብዙም የለም። ሽማግሌውንም ሐኪሙንም አንተ ነው የምንለው፣ በፍቅር። ሰውዬው ግን ቀና ብሎ "አንተ ነው ያልሽኝ?" አለና ወረቀቱን ገፍቶ መለሰልኝ። የሚቀጥለው ተጠራ።

ባሌ ድሬ ላይ ሥራ ጥሎ ማህተም ሲያሳድድ ዋለ። ማህተሟን የያዘችው ልጅ ስብሰባ ላይ ነበረች። እንደምንም አስመትቶ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። "ዋናውን አምጪ" ተባልኩ። ዋናው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። በዚህ መሃል ቀጠሮዬ አለፈና ሌላ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ ከሳምንት በኋላ። ሳምንቱን አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ። ልጄ የሰው ቤት አይወድም። ምንጣፉ እግሩን ሲነካው ይጮኻል፤ ሌሊቱን ሙሉ አዝዬው እዞር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ማልጄ ተነሳሁ፣ አጠብኩት፣ ጡት አጠባሁት። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። "ጎሽ፣ አርፎ ይግባ" አልኩ፤ ሞኝ! ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር። ባለሙያዋ "አልተኛም እንዴ?" አለችኝ።

"መተኛት አለበት?"

"ሳይተኛማ አይሠራም።"

ይህን ማንም አልነገረኝም። ድሬ ላይ አልተነገረኝም፣ ካርድ ክፍል አልተነገረኝም፣ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይም የለም። ነገሩ ቀላል ነው። ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ሽቦ ያለው ተለጣፊ ይለጠፍለታል። በጆሮው ድምፅ ይላካል። አእምሮው ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ ማሽኑ ይመዘግባል። ሕፃኑ ከተወራጨ ወይም ካለቀሰ ምዝገባው ይበላሻል። እሷ "አስተኝተሽው ተመለሺ" ብላ በሩን ዘጋች።

ኮሪደር ላይ ልጅ አስተኝተሽ ታውቂያለሽ? አዘልኩት፣ አወረድኩት፣ አጠባሁት። ጠግቦ ስለነበር ጡቱን እየተፋ ይስቃል። አልጋ ሲጎተት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ይነቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያስተኛ ሽሮፕ ሰጡት። ግማሹን ልብሴ ላይ አስመለሰው። የቀረው ትንሽ አደንዝዞት አንገቱን ደፋ። ተለጣፊው ግንባሩን ሲነካው ጮኾ ተነሳ። ይሄ ልጅ ፀጉሩን ማበጠር እንኳ ጦርነት ነው! "ሌላ ቀን" ተባልን።

ያኔ ደጅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ ከጅማ የመጣች እናት ነበረች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የመጣችው። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ያልነገረኝን በአምስት ደቂቃ ነገረችኝ። እኔም ላንቺ ልንገርሽ።

ማታ አምሽተሽ አስተኚው፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቀስቅሺው። ከዚያ በኋላ ቢነጫነጭም አታስተኚው። ታክሲ ውስጥ እንዳይተኛ! ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን አትችዪውም። መስኮት ክፈቱ፣ እግሩን ኮርኩሩት፣ ብስኩት ስጡት። ጡት ከልክዪው፣ ሆድሽ ቢባባም። ተለጣፊዎቹ ነቅቶ ሳለ ይለጠፉ፣ ይጩኽ። ተለጥፈው ካለቁ በኋላ መብራት ይጥፋና ጡትሽን ስጪው። የሚያስተኛ መድኃኒት ሊሰጡት ካሰቡ ግን የምግቡን ነገር ቀድመሽ ጠይቂ፤ ለዚያ ሌላ ደንብ አለው። የራሱን ብርድ ልብስ ውሰጂ፣ ሳይታጠብ፣ የቤት ሽታ ያለውን።

በሦስተኛው ቀጠሮ አክስቴ እግሩን እየኮረኮረች፣ እኔ እየወዘወዝኩ ገባን። ጡቱን እንደያዘ ወደቀ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ውጤቱ ሁለቱም ጆሮ ላይ ከባድ የመስማት ችግር ነበር። አልቅሼ ስለጨረስኩ ነው መሰለኝ ያን ቀን አላለቀስኩም። የተናደድኩት ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሁለት መስመር ጽፎ የቀጠሮ ወረቀት ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

የመስሚያ መሣሪያውን ገዛን፤ ወርቄ ሄደ። ስለ መሣሪያው ማወቅ ያለብሽ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ በጆሮው ልክ ነው የሚሠራው። ልጅ ያድጋል፣ ላስቲኩ አያድግም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይላላና መሣሪያው ማፏጨት ይጀምራል። ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ፤ ላስቲኩን አስቀይሪ። የድሬ ሙቀት ደግሞ አለ። በግንቦት ላቡ መሣሪያው ውስጥ ይገባል። ማታ ማታ ባትሪውን አውጥቼ መሣሪያውን እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ከረጢቱን ከአዲስ ጫማ ካርቶን ነው ያገኘሁት። የጫማ ነጋዴ ወዳጅ አብጂ። ባትሪውን ግን አደራ። ትንሽ ስለሆነ ልጅ ይውጠዋል፤ ከዋጠ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ነው።

ለመቀመጥ የረዳው ሳፋ ነው። ሰማያዊ የልብስ ሳፋ ውስጥ በፎጣ ደግፌ አስቀምጠው ነበር። በሙቀቱ ጊዜ ትንሽ ውኃ ስጨምርበት እግሩን መንካት የማያስነካው ልጅ ያንቦራጭቃል። ገንፎ ላይም አትታገዪ። ጉብታ ያለው ነገር አፉ ውስጥ ሲገባ ቋቅ ይለዋል። በወንፊት አጥልዬ አቀጥነው ነበር፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አወፈርኩት።

አንድ ያልተቀበልኩት ምክር አለ። "ግራ እንዳይገባው በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት" ተባልን። እንዴት ተደርጎ? እኔ በአማርኛ፣ አማቴ በኦሮምኛ፣ ጎረቤቴ በሶማሊኛ ነው የምናሳድገው። አያቱን ዝም በይ ልበላት? እንቢ አልኩ። መሣሪያውን ካደረገ በሁለተኛው ወር ግድም ጎረቤቴ ከበር ላይ በሶማሊኛ "ካላይ!" (ና!) ብላ ስትጠራው ዞረ። ጀርባውን ሰጥቷት ነበር፤ ጥላዋም አልወደቀበትም። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እሷ ግን ምን እንደሆነ ስላልገባት "ምነው፣ ሻይ ገነፈለ?" አለች።

ኅዳር ላይ ላስቲክ ለማስቀየር እንሄዳለን። አዲሱ ሪፈር ላይ ሦስት ማህተም አስመትቻለሁ። አራተኛውን ባሌ ከልክሎኝ ነው።