ጉሮሮ ከማየቴ በፊት አንገት እዳስሳለሁ

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ብርዱ ሲበረታ ተመላላሽ ክፍላችን በር ላይ ከሚሰለፈው ሰው ብዙው "ቶንሲሌ ተነስቶብኝ ነው" እያለ ነው የሚገባው። ምርመራውን ጨርሶ፣ መድኃኒቱንም መርጦ የሚመጣ አለ። "ዶክተር፣ አሞክሳሲሊን ብቻ ይጻፉልኝ።"

እኛ ጋ ጉሮሮን የሚያሳምመውን የስትሬፕ ባክቴሪያ ወዲያው የሚለይ ፈጣን ምርመራ የለም። ካልቸር (ከጉሮሮ የተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ቢላክም ውጤቱ እስኪመጣ ልጁ ድኖ ኳስ እየተጫወተ ነው። ስለዚህ የምተማመነው በጆሮዬ፣ በጣቶቼና በስልኬ መብራት ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳል ነው። ሳል፣ ንፍጥ፣ የጎረነነ ድምፅ ወይም የቀላ ዓይን ካለ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ቫይረስ ነው። ጉሮሮ ከሚያማቸው ልጆች ውስጥ ስትሬፕ የሚገኝባቸው ከመቶ ከ20 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። በአዋቂዎች ከ5 እስከ 15 ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ብቻ ጉሮሮው የሚያቃጥለውን ጎልማሳ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል ስለ ጨጓራው ሳልጠይቀው አላልፍም።

ከዚያ አንገት እዳስሳለሁ። ምላስ መጫኛውን እንጨት አስቀድሜ ካወጣሁ ልጁ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ በኋላ አንገቱን አያስነካም። ጉሮሮውም በለቅሶው ብቻ ይቀላል። ከመንጋጋው ሥር፣ በፊት በኩል፣ ሲነኩት የሚያም ንፍፊት ካገኘሁ ስትሬፕን እጠረጥራለሁ። በወጣት ላይ ንፍፊቱ ከአንገት ኋላ ተደርድሮ ድካሙም ካየለ ሐሳቤ ወደ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ይሄዳል። ለዚህ ልጅ አሞክሳሲሊን ቢሰጠው ገላውን ሁሉ ሽፍታ ሊያወጣበት ይችላል። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ስለሆነ ከዚያ "ፔኒሲሊን አይስማማውም" ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

ጉሮሮው የመጨረሻ ነው። ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ መግል፣ የሚያም ንፍፊትና የሳል አለመኖር፤ እነዚህ አራቱ ስትሬፕን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የሴንቶር መለኪያ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ አላቸው። በኋላ ዕድሜ ተጨመረበት፤ ከ3 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ አንድ ነጥብ ይጨመራል፣ 45 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አንድ ይቀነሳል። ትልቅ ሰው ዜሮ ወይም አንድ ካመጣ አንቲባዮቲክ አላዝም። ቢጨቃጨቀኝም አላዝም።

ልጆች ላይ ግን እጄ ቶሎ ይፈታል። እንግሊዝ አገር ሐኪሙ ማዘዣውን ይሰጥና "ከ3 እስከ 5 ቀን ጠብቅ፣ ካልተሻለህ አውጣው" የሚልበት አሠራር አለ። እኛ ጋ ፋርማሲው ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ማዘዣው በዚያው ሰዓት ይወጣል። ደግሞም የእኛ ስጋት ሌላ ነው። አንቲባዮቲክ የጉሮሮ ሕመምን የሚያሳጥረው ከአንድ ቀን ባነሰ ነው። እኔ የምሰጠው ለልብ ብዬ ነው። ያልታከመ ስትሬፕ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃውን የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ፣ የልብ በሮችንም ሊያበላሽ ይችላል። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ መከላከል ይቻላል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁትን ልጆች ያየ ሐኪም የእንግሊዙን መመሪያ እንዳለ ለመገልበጥ ይከብደዋል።

ታዲያ ምን እሰጣለሁ? አሞክሳሲሊን በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከ1 ግራም ሳያልፍ፣ ለ10 ቀን። ችግሩ 10 ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ ሽሮፑም ይረሳል፤ የተረፈው ለታናሽየው የሚቀመጥበት ቤትም አለ። እንደማይጨርሱት ከገባኝ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እመርጣለሁ። አንድ መርፌ ነው፣ አለቀ። ከ27 ኪሎ በታች 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 1.2 ሚሊዮን። መርፌው ያማል። "ሰው ገደለ" የሚል ወሬም ስላለ የሚፈሩት ብዙ ናቸው፤ ባለሙያም ሳይቀር። ከባድ አለርጂ የሚያስነሳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቢሆንም በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠውን አድሬናሊን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፣ ልጁንም ግማሽ ሰዓት ሳላቆይ አልሸኝም።

ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ ግን ማስረዳቱ ነው። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው "እንጥሉ ወርዶበት ነው እኮ ልጄ፣ ላስቆርጥለት ብዬ ነበር" አሉኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ስልኬን አብርቼ "እማማ፣ ይምጡ አብረን እንየው" አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። "ይቺ የተንጠለጠለችው እንጥሉ ናት። ትንሽ አብጣለች እንጂ አልወረደችም፤ ሕመሙ ሲለቀው ትመለሳለች። ከግራና ቀኝ ነጭ ነጭ የሚታየው ነው የሚያሳስበኝ።" ደጋግመው አዩ። "ውይ፣ መግል ነው እንዴ?" ስለ ማስቆረጥ ዳግም አላነሱም። ማስቆረጥ የሚያመጣውን የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን በቃል ብቻ ብነግራቸው እንዲህ የሚቀበሉኝ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ለወላጅ ሁሉ ጉሮሮውን አሳያለሁ።

ቫይረስ ለሆነበት ሰውም ባዶ እጁን አልሸኘውም። ፓራሲታሞል ለልጅ በኪሎ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ዝንጅብል በማር። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ሕመሙ እስከ አንድ ሳምንት ሊቆይ እንደሚችልም እነግረዋለሁ፤ ይህን ያልሰማ በሦስተኛው ቀን ሌላ ክሊኒክ ሄዶ አንቲባዮቲኩን ያገኛል።

እንጨት ወደ አፉ የማላስገባበት ልጅ አለ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረከርክ፣ ወደፊት አዘንብሎ የተቀመጠ፣ ሲተነፍስ የሚጮህ ልጅ ጉሮሮው ሲነካ ሊዘጋ ይችላል። አምቡላንስ ነው የምጠራው። አፉን መክፈት ያቃተው፣ እንጥሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋበት ሰው ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሮ ይሆናል፤ መቀዳት አለበት። ሲነኩት የሚደማ ግራጫ ሽፋን ደግሞ ዲፍቴሪያ የተባለውን ከባድ የጉሮሮ በሽታ ያስጠረጥረኛል። እነዚህ ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።

ወላጆች ካርዳቸውን ይዘው ሲነሱ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ፣ ሲሮጥ ትንፋሽ ካጠረው፣ "ወደቀ፣ ተመታ" ሳትሉ አምጡት። የሚያየው ሌላ ሐኪም ከሆነም ጉሮሮውን ታሞ እንደነበር ንገሩት።