አገር ስጠኝ

በረዶ በጣለበት ሰሞን፣ እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማክሰኞ ማታ የጽሑፍ ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ የሕፃናት ባለ ቀለም እርሳስ አደለችን። «ዛሬ ሰባት ዓመታችሁ ነው። አንድ ስሜት ምረጡና እንደ ልጅ ጻፉልኝ። ምን ይበላል? የት ይተኛል?» አለች። እኔ የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ዋሽንግተን መሐል፣ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ትኬት ስቆርጥ የማድር። እውነቱን ለመናገር የተናቅሁ መሰለኝ።

ደግሞስ በእንግሊዝኛ «አዝኛለሁ» ብዬ ብጽፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ውስጡ የለሁም። እኛ ዘንድ የሚከፋው ሆድ ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይላወሳል። ይህን እንዳለ ብተረጉመው ሐኪም ትጠራልኛለች!

እርሳሱን ሳሽከረክር ቆየሁና እጄ ሳላዘው «እንቆቅልህ» ብሎ ጻፈ።

«ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ተመዝኖ ተጫነ። እርሱ ግን ሳይመዘን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።»

ተርጉሜ አነበብኩላቸው። አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው «ቁንጫ ነው!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም አላወቀችውም። ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ደንቡ ነው፣ አልኳት። ጥቂት አሰበችና አያቷ የተቀበሩበትን ሜይንን ሰጠችኝ። እኔም እንደ ልጅነቴ «ሜይን ሄጄ፣ ምን አጥቼ፣ ምን ጎድሎብኝ...» ብዬ ጀመርኩና መሐል ላይ ድምፄ ጠፋ።

አባቴ ትዝ አሉኝ። ማታ እሳት ዳር «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር» ስላቸው፣ ወንዙ ከቤታችን ሥር እያጉረመረመ፣ ራሳቸውን እያከኩ «አላወቅሁትም» ይሉ ነበር። ከዚያ «ሐረርን ሰጠሁህ።» እርሳቸው ዓባይን እንኳ ተሻግረው አያውቁም። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቼ ማለዳ በሬን አንኳኩተው መርዶአቸውን ሲነግሩኝ አላለቀስኩም፤ ለመጣው ሰው ወንበር ሳቀብል ዋልኩ። ያን ማታ ግን ብርቱካናማ እርሳስ እንደያዝኩ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ፊት አነባሁ። መልሱ ናፍቆት መሆኑን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ትኬት መቁረጫው ውስጥ ደብተር አለኝ። መኪና ሲጠፋ እንቆቅልሽ እጽፋለሁ። አብዛኛው አይረባም። አንዱን፣ «ቤት የለው፣ በር ይደበድባል» የሚለውን፣ እዚህ ለተወለደችው የስምንት ዓመት ልጄ ጠየቅኋት። ሳትውል ሳታድር «ቁጣ! አንተ ስልክ ስታወራ!» አለችኝ።

ቀጥላ በተራዋ ጠየቀችኝ።

«እንቆቅልህ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ይገባል፣ እኔ ስመለስ ይወጣል።»

ወዲያው አወቅሁት። ራሴን አከክሁ።

«አላወቅሁትም።»

«አገር ስጠኝ!»

«ሐረርን ሰጠሁሽ።»

«አይተሃት ታውቃለህ?»

«አላየኋትም። አያትሽ ናቸው የሰጡኝ።»