ሹሉ ወደ ታች

ሠላሳ አንደኛውን የወይን ችግኝ ቆርጬ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ መቀሱን ስከፍት ሥራ አስኪያጃችን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አፈሩን ስላራሰልን በጣና ዳር ባለው የሎጁ ግቢ ስልሳውንም ችግኝ ከረፋዱ በፊት ተክለን ጨርሰናል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየገረዝሁ ነው።»

«ዛሬ የተተከለውን?»

«ዛሬ ስለተተከለ ነው።»

መልሱ ለራሴ በጣም ጣፈጠኝ። እርሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከመሬት አንዱን ሐረግ አነሡ፤ ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። «ለስልሳ ችግኝ ከፍለን ስልሳ ጉቶ ልንረከብ ነው?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ» ብዬ አረምኋቸው። ያቺ እርማት ብዙ አስከፈለችኝ።

ማለት የነበረብኝ ሌላ ነበር። ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ ሥሩ ትንሽ ነው፤ ያን ሁሉ ቅጠል ውኃ ሊያጠጣ አይችልም። ሁለት አንጓ አስቀርቶ መቁረጥ ጉልበቱን ወደ አንድ ጠንካራ ቀንበጥ ይሰበስበዋል፤ ያ ቀንበጥ በኋላ ግንድ ይሆናል። ሳይቆረጥ ቢቀር አራት አምስት ቀጫጭን ሐረግ ይለቅና ግንድ የሚሆን አንድ እንኳን ይጠፋል። አውሮጳውያን ብላክከረንት የሚሉትን ቁጥቋጦ ሲተክሉም እንዲሁ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል። ተክሉ ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ምርት እያወቁ ይተዉታል። (ብርዳማ ወራት የሚፈልግ ተክል ስለሆነ ለባሕር ዳር አይሆንም እንጂ ምሳሌነቱ ይበቃ ነበር።) ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ሙያዬ ነው፤ ለእኔ ይተዉት» የሚል ነበር።

አልተዉትም። «ከዚህ በኋላ አንዲት ቅጠል እንዳትነካ» ብለው ሄዱ። በመንገዱ ግራ ሠላሳ አንድ ጉቶ፣ በቀኝ ሃያ ዘጠኝ ለምለም ችግኝ ቀረ።

ንዴቴን የተወጣሁት በቁርጥራጩ ላይ ነው። ሐረጎቹን እየከፋፈልሁ በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት አንጓ አስቀረሁ፤ ታቹን ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጌ፣ ላዩን በሰያፍ ሹል አድርጌ ቆረጥሁት። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ላይና ታች እንዳይምታታ። ከዚያ ለጥበቃው ለጋሼ ሰጥቼ «በአጥሩ ሥር ይትከሏቸው» አልሁና ወጣሁ። የሹሉን ምልክት አልነገርኋቸውም፤ ለማን ብዬ!

በሦስተኛው ቀን ስመጣ በአጥሩ ሥር እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በክር የተለካ ይመስላል። ሁሉም ግን ተገልብጠዋል።

«ጋሼ፣ ሹሉ ወደ ላይ ነበር እኮ።»

በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ ካስማ ተክለህ አታውቅም? ሹል ወደ መሬት ነው።»

ምን ይባላል? እኔ ምልክት ነው ያልሁትን እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲተክሉት የኖሩት በተቃራኒው ነው። ዝም ስል ጊዜ የዘጌ ሰውነታቸው መጣ። «ደግሞ የአቡነ በትረ ማርያም በትር ሲበቅል የትኛው ጫፍ ታች እንደ ነበር የጠየቀ አለ?» አሉ። በዘጌ፣ በሬ በማይጠመድበት በዚያ ምድር፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከጻድቁ በትር በቀሉ ተብሎ ይነገራል። ከበትሩ ጋር አልከራከርም ብዬ ቁርጥራጮቹን እየነቀልሁ ገለበጥኋቸው። በስተመጨረሻ ያሉትን ስድስቱን ግን «እነዚህን አትንካብኝ» ስላሉኝ ተውኋቸው።

መስከረም ላይ ባለቤቱ ሊጎበኙ ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ ወደ ቀኙ ረድፍ ወሰዷቸው። ያምር ነበር፤ አልክድም። ወደ ግራው የተመለከተ የለም። ጥር ላይ ዝናቡ ከቆመ ወራት ሲያልፉና ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ ቀኙ ሐረጉን መሬት ላይ እየጎተተ ቢጫ ሆነ፤ ግራው ሽቦውን ይዞ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከቀኙ አንዱ በሰኔ አንዲት ዘለላ አፈራ። የዘለላዋ ፎቶግራፍ ዛሬም በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ አለ። ዳሱን የሸፈነው የግራው ረድፍ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ከሥሩ ቡና የሚጠጣው እንግዳማ ምን አገባው።

በአጥሩ ሥር የገለበጥኋቸው አብዛኞቹ ሥር ያዙ። ከስድስቱ አምስቱ ደረቁ። ስድስተኛው፣ ሹሉ መሬት ውስጥ እንዳለ፣ ቅጠል አወጣ! ጋሼ በበሩ የሚገባውን ሁሉ እጁን ይዘው ያሳዩት ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አርባ ተጨማሪ ችግኝ መጣ። በዚህ ጊዜ ስለ ሥሩና ስለ አንጓው አንድ በአንድ ለሥራ አስኪያጁ አስረድቼ፣ ፈቃዳቸውን ተቀብዬ ልቆርጥ ቆርጬ ነበር። ለስብሰባ አዲስ አበባ መሄዳቸውን ስሰማ መቀሱን ስዬ አርባውንም ከምሳ በፊት ጨረስሁ።

ጋሼ ቁርጥራጩን በጆንያ እየሰበሰቡ «ሹሉ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ላይ ነው አልኋቸው። ማታ ስወጣ አየሁት፤ ረድፉ በሙሉ እንደ ነገርኋቸው ነው፣ ከመጨረሻዎቹ ስድስት በቀር።