የመጀመሪያው በርጩማ፦ ከደረቅ ዋንዛ እስከ ሁለተኛው የቫርኒሽ ልባስ

በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ትንሽ በርጩማ ለጀማሪ ከመደርደሪያም ከሳጥንም የተሻለ መለማመጃ ነው። መለካቱም፣ መላጉም፣ መብሳቱም፣ ማጣበቁም ሁሉ አለበት፤ የሚፈጀው እንጨት ግን ጥቂት ነው። የዚህኛው ልክ እንዲህ ነው፦ አራት እግር እያንዳንዱ 45 በ45 በ400 ሚሊ ሜትር፣ መቀመጫው 350 በ280 በ25፣ እግሮቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች 70 በ24፤ ሁለቱ 260፣ ሁለቱ 190 ሚሊ ሜትር ርዝመት።

እንጨቱ

የተመረጠው ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ የልቡ ክፍልም ምስጥን ይቋቋማል። ሆኖም ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ዛፎች ነበሩ። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ አዲስ ጣውላ ከመግዛት አሮጌ አልጋ፣ በር ወይም ቁም ሳጥን ፈልጎ መግዛት ይሻላል። አሮጌ እንጨት ሌላም ትርፍ አለው፤ ደርቋል። ምስማሩ ግን አንድ ሳይቀር ይነቀል። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ምስማር የመላጊያውን ስለት ይሸርፈዋል።

ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው በባህር ዛፍ ሞራሌ ይጀምራል። ለጣሪያና ለግድግዳ ይሁን፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግን አይመከርም። ሲደርቅ ብዙ ይሸማቀቃል፣ ቃጫው ይጠማዘዛል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል።

የጀማሪ ሥራ በብዛት የሚበላሸው በእርጥብ እንጨት ነው፤ መድረቁ ደግሞ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። ከጣውላው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ይወጣና በኩሽና ሚዛን ይመዘናል። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከዚያ የሚወሰድ ቁራጭ ያሳስታል። ቁራጩ 103 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆያል፤ በየሰዓቱ እየተመዘነ። የጠፋው ክብደት ለደረቀው ክብደት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የእርጥበቱ መጠን ይገኛል። 62 ግራም የነበረው 55 ላይ ከቆመ፣ 7 ለ55 ሲካፈል 12.7 በመቶ ገደማ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ10 እስከ 13 በመቶ መልካም ነው። 20 ከሆነ ጣውላዎቹ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደረደሩና ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ስር ይቆዩ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ላዩን ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

ስለት

አዲስ የተገዛ መሮ ለሥራ ዝግጁ አይደለም። ወፍራም መስታወት ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ተዘርግቶ መጀመሪያ የመሮው ጀርባ በ400፣ ቀጥሎ በ800፣ በመጨረሻ በ1200 ቁጥር ይስተካከላል። መስተካከል ያለበት ከአፉ ያለው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሙሉውን ጀርባ መፈተግ ድካም ነው። ከዚያ ዘቅዛቃው ፊት፣ ማለትም ወደ አፉ እየሳሳ የሚሄደው ሰያፍ በኩል፣ ይሳላል። ማዕዘን መለኪያ የሌለው ሰው የሚጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ፦ የዘቅዛቃው ርዝመት የመሮው ውፍረት እጥፍ ከሆነ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘቅዛቃው 8 ይሁን ማለት ነው።

በጀርባው በኩል በጣት ሲዳበስ የሚሻክር ቀጭን የብረት ጠርዝ ከአፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይወጣ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አይታለፍ። መጨረሻ ላይ ይህ ጠርዝ በቆዳ ላይ ተጎትቶ ይወገዳል። ፈተናው የዝግባ ወይም የግራቪሊያ ቁራጭ ጫፍ፣ ማለትም ቃጫው የተቆረጠበትን ፊት፣ በእጅ ብቻ ገፍቶ መላጥ ነው። ፊቱ ለስልሶ ካንጸባረቀ ስሏል፤ ቃጫው ተጨፍልቆ ነጭ ነጭ ካለ ወደ ወረቀቱ ይመለስ።

ስኳድራም፣ የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያው፣ ይፈተሽ። ቀጥ ባለ ጣውላ ጠርዝ ላይ መስመር ተሰምሮ ስኳድራው ይገለበጥና ከዚያው ነጥብ ሌላ ይሰመራል። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ የስኳድራው ስሕተት የልዩነታቸው ግማሽ ነው።

ወንዴና ሴቴ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ወንዴ የአግዳሚው ጫፍ ሳስቶ እግሩ ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው፤ ሴቴ ደግሞ እሱን የሚቀበለው የእግሩ ጉድጓድ። የአግዳሚው ውፍረት 24 ስለሆነ የወንዴው ውፍረት ሲሶው፣ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልኩ ከሜትር ሳይሆን ከ8 ሚሊ ሜትሩ መሮ ይወሰድ፤ ሴቴውን የሚቆፍረው እሱ ነውና። የወንዴው ርዝመት 25፣ ቁመቱ 45 ነው፤ ከአግዳሚው 70 ላይ ከላይ 20፣ ከታች 5 ይቀነሳል። ከላይ ብዙ የሚቀነሰው ሴቴው ወደ እግሩ ጫፍ ከቀረበ እግሩ ስለሚፈነዳ ነው። እግሮቹም መጀመሪያ 425 ሚሊ ሜትር ሆነው ይቆረጡ፤ ትርፉ 25 ከላይ በኩል ይቀመጥና ከተጣበቀ በኋላ በመጋዝ ይነሳል።

ሁልጊዜ ሴቴው ይቀድማል። ቁፋሮው ከመሃል ይጀመርና በየ3 ሚሊ ሜትሩ እየተመታ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳል፤ ጫፎቹ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ሳይነካ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይጠረባል። ቀድሞ ከተነካ መሮው ፍርፋሪውን ሲያነሳ ጠርዙን ተደግፎ ይጨፈልቀዋል። መምቻው የእንጨት መዶሻ ይሁን፤ ወይራ ለዚህ የሚወዳደረው የለም። ጥልቀቱ 27፣ ማለትም ከወንዴው 2 ይበልጣል፤ ትርፉ ኮላ የሚጠራቀምበት ነው። ሁለቱ ሴቴዎች እግሩ ውስጥ ስለሚገናኙ የወንዴዎቹ ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል።

ወንዴው በመጋዝ ሲቆረጥ መጋዙ ከመስመሩ ውጭ፣ በሚጣለው በኩል ይሂድ። ትከሻው ላይ፣ ማለትም ወንዴው ከአግዳሚው በሚነሳበት እርከን፣ መስመሩ በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ይውጣ፤ ቢላው ቃጫውን ቀድሞ ስለሚቆርጠው መጋዙ አይቦጭቀውም። ልክ የሆነ ወንዴ በእጅ ግፊት ይገባል፣ ተዘቅዝቆ ሲያዝ ግን አይወድቅም። መዶሻ ከጠየቀ እግሩን ይሰነጥቃል። ልል ከሆነ ከዚያው እንጨት ስስ ልጣጭ ይለጠፍበት እንጂ በኮላና በሰጋቱራ አይሞላ፤ ድብልቁ ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

ማጣበቅ

መጀመሪያ ያለ ኮላ ይገጣጠም። ከዚያ ሁለቱ ባለ 260 አግዳሚ ጎኖች ለየብቻ ይጣበቁ፤ በማግስቱ በባለ 190ዎቹ ይያያዙ። ረጅም ሞርሳ (ማጥበቂያ) ከሌለ ገመድ ዙሪያውን ታስሮ በዱላ ይጠመዘዛል፤ በደንብ ያጠብቃል። ሰያፎቹ፣ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያሉት ርቀቶች፣ ይለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ኮላው ሳይዝ በረጅሙ ሰያፍ በኩል ይገፋል።

ነጩ ኮላ ብርድ አይወድም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቅና በትንሽ ኃይል ይላቀቃል። ሥራው ጠዋት ይጣበቅ፣ ማታ ቤት ውስጥ ይደር፤ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይቀመጡበት። የተረፈው ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ ቃጫው ውስጥ ገብቶ ቫርኒሽ የማይቀበል ነጣ ያለ ቦታ ይተዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደ ላስቲክ ሲሆን በመሮ ይነሳ።

መቀመጫው

እንጨት በርዝመቱ አይላወስም ለማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን ከክረምት እስከ በጋ ይሰፋል፣ ይጠባል። 280 ሚሊ ሜትር ወርድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል። መቀመጫው በኮላ ከታሰረ መሃሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአጫጭሮቹ አግዳሚዎች ውስጠኛ ፊት 20 በ20 የሆነ ዘንግ በብሎን ይታሰራል፤ መቀመጫውን የሚይዙት ብሎኖች ከታች በዚህ ዘንግ በኩል ይገባሉ። የመሃሉ ቀዳዳ ክብ፣ የዳርና የዳሮቹ ግን በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ 10 ሚሊ ሜትር የሞላላ ይሁኑ። ብሎኑ ከ35 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ አለበለዚያ ላይ ብቅ ይላል።

አሁን ያለበት

በመላጊያ የተጠናቀቀው ፊት በ120፣ በ180 ከዚያም በ220 ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጓል፣ ሁሉም በቃጫው አቅጣጫ። አግድም የተፈተገ ጭረት ሲደርቅ አይታይም፤ ቫርኒሽ ሲነካው ይወጣል። ከመጨረሻው ወረቀት በፊት ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ተነክቶ ደርቋል፤ የቆመው ቃጫ በ220 ተነስቷል። የመጀመሪያው ልባስ ሦስት እጅ ቫርኒሽና አንድ እጅ አኳራጅ (የቫርኒሽ ማቅጠኛ) ነው፤ ቀጥኖ ወደ ውስጥ እንዲገባ። ሁለተኛው ሳይቀጥን ትናንት ተቀብቷል። ነገ በ320 ቀለል አድርጎ መፈተግ፣ አቧራውን መጥረግና ሦስተኛውን መቀባት ይቀራል። የእግሮቹ የታች ጫፍም ይቀባ፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ የሚስበው በዚያ በኩል ነው።