ከግብር ሰብሳቢው ጋር በከንቱ የተከራከርኩባቸው ሳምንታት

የውዝፍ ግብር ማስታወቂያው ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ያየሁት ድምሩን ነበር፤ በራስጌው የተጻፈውን ቀን ልብ ያልኩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቢያማክረኝ ከድምሩ በፊት ቀኑን እንዲያይ እነግረዋለሁ። የገንዘቡ መጠን በማስረጃ ሊቀንስ ይችላል፤ ያለፈ የቅሬታ ቀነ ገደብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ከገቢዬ አንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ እንደተቆጠረ የሚያሳይ ሰነድ በእጄ ነበረ። ስለዚህ ሰነዱን ይዤ በደብዳቤው ግርጌ ስሙ ወደተጻፈው ባለሙያ ሄድኩ፤ በትዕግሥት ስላዳመጠኝም በየሳምንቱ ተመላለስኩ። ሳይገባኝ የቆየው ነገር ይህ ሰው የዕዳ ክትትል ሠራተኛ መሆኑ፣ ዕዳው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመወሰንም ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው። ግብሩን የሚወስነው አንድ ክፍል፣ የሚሰበስበው ደግሞ ሌላ ክፍል ነው። ለሰብሳቢው የመጣለት ዕዳ ያለቀለት ጉዳይ ስለሆነ፣ እርሱ ማወቅ የሚፈልገው መቼና እንዴት እንደምከፍል ብቻ ነበር። ክርክሬን በጽሑፍ አድርጌ ለሚመለከተው ክፍል ያስገባሁት ጊዜው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ቀነ ገደቡ እንደየአገሩ ይለያያል። የኢትዮጵያ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ይሰጣል፤ በአሜሪካ የግብር ጉድለት ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ወደ ግብር ፍርድ ቤት ለመሄድ በመደበኛው 90 ቀን አለው። ቅሬታ ስላስገባሁ ማንም አይነካኝም ብሎ መተኛት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። በደቡብ አፍሪካ «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ተከራከር» የሚባል መርህ ስላለ፣ ግብር ከፋዩ ክፍያው እንዲታገድለት ለብቻው አመልክቶ ካልተፈቀደለት በቀር ክርክሩ እየተካሄደም ዕዳው ይሰበሰባል።

ድምሩን ከፋፍሎ ማየት የተማርኩት በዚህ መሀል ነው። በውስጡ ፍሬ ግብር (ዋናው ግብር)፣ ቅጣትና ወለድ አሉ፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ክርክር አይቀነሱም። ፍሬ ግብሩ የሚሞገተው በሂሳብና በሰነድ ነው። ቅጣቱ በብዙ አገሮች በቂ ምክንያት፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም ወይም የሰነድ በአደጋ መውደም፣ ከቀረበ ሊነሣ ይችላል፤ ይህን ግን ጠይቆ ማስፈቀድ የግብር ከፋዩ ፋንታ ነው። ወለዱ የዘገየው ገንዘብ ዋጋ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በልመና እምብዛም አይነሣም፤ ማደጉም የሚቆመው ሲከፈል ነው። በዚህ ምክንያት ያላከራከረኝን የፍሬ ግብር ክፍል ወዲያው ከፈልኩ፤ ከወሰንኳቸው ሁሉ የተሻለው ውሳኔ ይመስለኛል።

የምከፍለው የለኝም ብሎ ገቢን ለግብር ቢሮ የሚያሳውቁበትን የግብር ማስታወቂያ ሳያቀርቡ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። በአሜሪካ ሕግ አለማስታወቅ ባልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ያስቀጣል፤ አስታውቆ አለመክፈል ግን በወር የሚያስቀጣው 0.5 በመቶ ነው። ሕጉ ካጣ ሰው ይልቅ በተደበቀ ሰው ላይ እንደሚበረታ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አላውቅም።

ዝምታ ሲበዛ ሰብሳቢው ወደ ሌሎች ሰዎች ይዞራል፤ ወደ ባንክ፣ ወደ አሠሪ፣ የእኛ ዕዳ ወዳለበት ደንበኛም ጭምር ገንዘባችንን ለእርሱ እንዲያስተላልፉ ይጽፋል። የአሜሪካ ባንኮች እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ገንዘቡን ከማስተላለፋቸው በፊት 21 ቀን ይዘው ያቆዩታል፤ የተሳሳተ ዕዳ ካለ የሚስተካከለው፣ የክፍያ ስምምነትም የሚደረሰው በዚያ መሀል ነው። የእኔ ሂሳብ ሲታገድ ያሳፈረኝ ከገንዘቡ ይልቅ ለአንድ ደንበኛዬ የተጻፈው ደብዳቤ ነበር።

ቀሪውን በየወሩ ለመክፈል ስንስማማ ባለሙያው ከፍ ያለ መጠን ጠየቀኝ፤ እኔ ግን የወር ገቢና ወጪዬን በወረቀት አሳይቼ ዝቅ አስደረግሁት። አንድ ክፍያ ቢያልፈኝ ወይም የአዲሱን ዓመት ግብር በጊዜው ባልከፍል ስምምነቱ እንደሚፈርስ በግልጽ ተጽፎ ስለነበር፣ ለመመስገን ብዬ የማልችለውን ቁጥር መፈረም አልፈለግሁም።

ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ገቢ በመጨረሻ ተሰርዞልኛል፤ ከቅጣቱም ከፊሉ ቀርቷል። የመጨረሻውን ክፍያ ከፈጸምኩ በኋላ ግን ሂሳቤ እንደታገደ ሰነበተ፤ የእግድ ማንሻ ደብዳቤው ለባንኩ ይጻፍ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረምና። ይህን ባወቅሁ ማግስት ማመልከቻ ጽፌ ደብዳቤውን ራሴ አደረስኩ፤ ከባንኩ ማኅተም ጋር የተመለሰልኝን ቅጂም ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጋር በአንድ ፋይል አስቀመጥኩት።